ሳይለበስ ከአገልግሎት ውጪ ስለሆነው ኮት

ለክቡር የሕዝብ አዳራሹ አስተዳዳሪ፤
አራት ጊዜ ቢሮዎ መጥቼ አራቱንም ጊዜ ስብሰባ ላይ ናቸው ስለተባልኩ፣ ባሉበት ሁሉ ይድረስዎ።

ክቡር ሆይ፣ ከሁሉ አስቀድሜ ለራስዎ፣ ለባለቤትዎ፣ ለልጆችዎ፣ እንዲሁም እርስዎ በሌሉበት ቢሮውን ለሚጠብቀው ማኅተምዎ የከበረ ሰላምታዬን አቀርባለሁ። ወገብዎን፣ ዓይንዎን፣ በተለይም የሚፈርሙበትን ቀኝ እጅዎን ጤና ይስጥልኝ። እኔ ደህና ነኝ፤ ጉሮሮዬም ደህና ነው። ጉሮሮዬን ለይቼ ማንሣቴ የእንጀራ ገመዴ ስለሆነ ነው። ሃያ ሁለት ዓመት ሙሉ በአውቶቡስ መናኸሪያው መንገደኛ ስጠራ የኖርኩ ሰው ነኝ፤ ድምፄ ከመናኸሪያው በር ተነሥቶ ያለ ማይክራፎን ነዳጅ ማደያው ድረስ እንደሚዘልቅ የሚጠሉኝ ሰዎች እንኳ አይክዱም። የሚጎድለኝ አንድ ነገር ብቻ ነበር፤ ያን ሁሉ ከተማ ስጠራ፣ ስሙ በአውቶቡሱ ግንባር ላይ ተጽፎ ሳለ ማንበብ አልችልም ነበር።

ዛሬ ግን በአዳራሽዎ ጀርባ ባለችው ክፍል የማታ ትምህርት ገብቼ፣ ሌላው በሁለት ዓመት የሚጨርሰውን ፊደል በዘጠኝ ወር አጠናቅቄ፣ ታርጋ አነባለሁ፣ የመድኃኒት ብልቃጥ አነባለሁ፣ የሱቅ ሰሌዳ አነባለሁ። ባለቤቴ ከእኔ ጋር መንገድ መሄድ ያቆመችው ሁሉንም ጮክ ብዬ ስለማነብባት ነው። ማስታወቂያም አነባለሁ፤ ይህን ደብዳቤ ያስጻፈኝም የእርስዎ ማስታወቂያ ነው። አንድ ቅጂ ለእርስዎ ልኬ፣ ሌላውን በመናኸሪያው ትኬት መቁረጫ መስኮት አጠገብ የለጠፍኩት፣ ተሰልፎ የሚውለው ሕዝብ የሚያነበው ነገር እንዳያጣ በማሰብ ነውና ድፍረት አይሁንብኝ።

ነገሩን ለማያውቀው ተሰላፊ በአጭሩ ላስረዳ። ክፍላችን ሠላሳ አንድ ተማሪዎች አሉባት፤ መስኮቷ መስታወት የለውም፤ ካሏት አራት አምፖሎች የምትበራው አንዷ ብቻ ናት። ክቡር አስተዳዳሪው እስከሚቀጥለው ወር መጨረሻ መስኮቱና መብራቱ ካልተጠገነ ክፍሏ የፋይል ማከማቻ እንደምትሆን በደብዳቤ አሳወቁን። እኛም ተሰብስበን መከርን፤ እያንዳንዳችን ከእጃችን ሥራ ምርጡን እናምጣና በአዳራሹ ጨረታ እናውጣ፣ በገቢው ክፍላችንን እናድሳለን ተባባልን። አናጺው የመጽሐፍ መደርደሪያ ሠራ፤ የፊት መስታወት ነጋዴዋ ባለ ፍሬም መስታወት ሰጠች፤ ፀጉር አስተካካዩ አሥር ጊዜ በነፃ ለማስተካከል ቃል ገባ፤ ኬክ ቤት የምትሠራው የክፍላችን አለቃ ባለ ሦስት ፎቅ ኬክ ጋገረች፤ ታላቅ እህቴ ደግሞ የሴት ኮት ሰፋች። እኔ ድምፄን ሰጠሁ። ከዚያ በኋላ ነገሩ በእርስዎ እጅ ገባና፣ የበጎ አድራጎት ጨረታ እንዴት እንደሚሰናዳ ትልቅ ትምህርት ቀሰምን። ለዚህም ምስጋናዬን በተራ ቁጥር አቀርባለሁ።

1ኛ. ዕቃዎቻችንን ስላከበሩልን አመሰግናለሁ። በአዳራሹ በር የገባ ዕቃ ሁሉ በንብረትነት መመዝገብ አለበት ብለው ባዘዙት መሠረት፣ የንብረት ክፍል ኃላፊዋ ነጭ የዘይት ቀለምና ቀጭን ብሩሽ ይዘው መጥተው ሁሉንም ቁጥር በቁጥር አደረጉልን። የመደርደሪያው ቁጥር ፊት ለፊቱ ላይ፣ የመስታወቱ ልክ ፊት በሚታይበት መሐሉ ላይ፣ የእህቴ ኮት ደግሞ ኮሌታው ላይ ተጻፈ። በፀጉር አስተካካዩ ስጦታ ላይ ግን ኃላፊዋ ብሩሹን እንደያዙ ትንሽ አሰቡ፤ ቀለም የሚቀባበት ቦታ አልነበረውማ። ሰውዬው ራሱን ዝቅ አድርጎ “እመቤቴ፣ ከፈለጉ ግንባሬ ላይ ይጻፉት” ቢላቸው ተቆጡ። በመጨረሻ “ፀጉር ቁረጣ፣ ብዛት አሥር” ተብሎ ልዩ ልዩ በሚለው ዓምድ ሥር ገባ።

2ኛ. ለሕግ ስላለዎት ፍቅር አመሰግናለሁ። ከተመዘገቡ በኋላ ዕቃዎቹ የመሥሪያ ቤቱ ንብረት ሆነዋልና፣ የመሥሪያ ቤት ንብረት ደግሞ አስወጋጅ ኮሚቴ መርምሮ ከአገልግሎት ውጪ መሆኑን ካላረጋገጠ አይሸጥም ተባልን። ኮሚቴው ሦስት ሰው ነበር፤ አንዱ ፈቃድ ላይ ስለነበሩ ሾፌርዎ ተተኩ። ሦስቱ ሆነው መጋዘን ገብተው፣ ቀለሙ እንኳ በወጉ ያልደረቀውን መደርደሪያ፣ ማንም ፊቱን ያላየበትን መስታወትና በማንም ትከሻ ላይ ያላረፈውን ኮት አገላብጠው አይተው፣ ሁሉም ከአገልግሎት ውጪ ነው ብለው ፈረሙ። አሥሩን ፀጉር ቁረጣም ከአገልግሎት ውጪ አደረጉት፤ ፀጉር አስተካካዩ ከዚያ ቀን ወዲህ የደንበኛ ፀጉር ባበላሸ ቁጥር “ይቅርታ፣ እኔ እኮ ተወግጃለሁ” እያለ ነው። ፍትሐዊ ለመሆን ያህል፣ ኮሚቴው በአንድ ነገር ትክክል ነበር። ኬኩ የምዝገባው ሂደት እስኪያልቅ አሥራ አንድ የሥራ ቀን መጋዘን ውስጥ ተቆልፎበት ስለቆየ፣ የጨረታው ዕለት በእውነት ከአገልግሎት ውጪ ሆኖ ተገኝቷል።

3ኛ. ማስታወቂያውን ከዝናብ ስለጠበቁልን አመሰግናለሁ። መታወቂያ ሳያሳዩ በማይገባበት ኮሪደር፣ በተቆለፈ የመስታወት ሳጥን ውስጥ ተለጥፎ አገኘሁት። ጥበቃው ወዳጄ ስለሆነ አስገባኝና ጣቴን መስታወቱ ላይ እያስኬድኩ አነበብኩት፤ “ከአገልግሎት ውጪ የሆኑ ልዩ ልዩ ዕቃዎች ሽያጭ” ይላል። የበጎ አድራጎት የሚል ቃል የለበትም፤ ክፍል የሚል ቃል የለበትም፤ ተማሪ የሚልም የለበትም። ተራ ቁጥር አራት ላይ ስደርስ ግን፣ “ኮት፣ የሴት፣ ብዛት አንድ፣ ከአገልግሎት ውጪ” ይላል። ማንበብ ከቻልኩ ወዲህ ስለ ቤተሰቤ የተጻፈ ነገር ሳነብ ይህ የመጀመሪያዬ ነው፤ ስለዚህም ሁለተኛ አመሰግናለሁ።

እዚህ ላይ ስለ እህቴ ጥቂት ብናገር ክቡርነትዎ ይታገሱኛል። እህቴ ልብስ ሰፊ ናት። ቁጥር መጻፍ ስለማትችል ሠላሳ ዓመት የሰውን ልክ በሲባጎ ስትወስድ ኖራለች፤ ደረት አንድ ቋጠሮ፣ ወገብ ሌላ ቋጠሮ፣ እጅጌ ሌላ፤ የእያንዳንዱ ደንበኛ ሲባጎ በየራሱ ምስማር ላይ ይሰቀላል። አንድ ቀን ነፋስ መጥቶ ሁሉንም ደበላለቀውና የሙሽራ ልብስ ለሙሽራዋ አክስት ልክ ሆኖ ተሰፋ። ማታ ትምህርት የገባችው በዚያ ሳምንት ነው። ይህ ኮት በገዛ እጇ ደብተር ላይ ከጻፈችው ልክ ቆርጣ የሰፋችው የመጀመሪያ ልብሷ ነው። ኮሌታውን ሦስት ጊዜ ፈታ ሠርታዋለች። ቁጥር የተቀባውም እዚያው ኮሌታ ላይ ነው።

4ኛ. ስለ ቀኑና ስለ ሰዓቱ አመራረጥ አመሰግናለሁ። ማክሰኞ ከጠዋቱ ሦስት ሰዓት፣ ሥራ ያለው ሰው ሁሉ ሥራ ላይ በሚሆንበት ጊዜ። እኔ ግን ፈቃድ ለምኜ፣ ሸሚዜን አስተኩሼ፣ ጉሮሮዬን በሞቀ ውኃ አለስልሼ ብመጣ፣ ጩኸት የቢሮ ሥራ ስለሚያውክ ዋጋ በወረቀት ተጽፎ ሳጥን ውስጥ እንደሚገባና የእኔ ድምፅ እንደማያስፈልግ በጽሑፍ ተነገረኝ። ጨረታ ያለ ጠሪ ምን እንደሚመስል ያየሁት ያን ቀን ነው፤ ለቅሶ ቤት ይመስላል፣ አልቃሽ እንኳ የሌለበት። የመጡት ስድስት ሰዎች ናቸው። እነሱም ምን ያድርጉ፣ ያነበቡት ማስታወቂያ የተበላሸ ዕቃ ይሸጣል ነው የሚለው፤ ስለዚህ የመጡት አሮጌ ብረታ ብረትና ብጣሽ ጨርቅ የሚገዙ ነጋዴዎች ነበሩ። አንደኛው ኮቱን ከማንጠልጠያው አውርዶ፣ በመዳፉ መዘን መዘን አድርጎ፣ “ይሄ በኪሎ ስንት ነው?” አለ።

እህቴ አጠገቡ ቆማ ነበር። አልተሳደበችም፤ እኔ ብሆን የምለውን አውቃለሁ። ቦርሳዋን አንሥታ ወጣች። ከዚያ ቀን ጀምሮ ሁለት ሳምንት ሙሉ ክፍል አልመጣችም። ሱቋ ብሄድ ሲባጎዎቹ ተመልሰው ምስማራቸው ላይ ተሰቅለዋል። “ተዪ እንጂ እታለም፣ ለአንድ ወረቀት” ብላት፣ “የመንግሥት ሰው አይቶ አይረባም ብሎ ፈርሟል፤ እነሱ የተማሩ ናቸው” አለችኝ።

5ኛ. ለመጨረሻው ደብዳቤዎ አመሰግናለሁ። ጨረታው “በኅብረተሰቡ የተሳትፎ ማነስ” ምክንያት ስላልተሳካ ክፍሏ ከመጪው ወር ጀምሮ ለፋይል ማከማቻ እንደምትውል፣ ለእኛም መልካም የትምህርት ዘመን እንደሚመኙልን ይገልጻል። ምኞትዎ ደርሶናል። ክፍሏን ግን አንሰጥም።

ይህንን ያልኩት በስሜት አይደለም፤ አንብቤ ነው። ደብዳቤዎ በየመስመሩ የንብረት መመሪያውን ይጠቅሳልና፣ መምህራችን፣ ከፖስታ ቤት ጡረታ የወጡ ሴት ናቸው፣ መመሪያው የሕዝብ ነውና አንድ ቅጂ ጠይቀው አመጡልንና የንባብ ትምህርታችን አደረጉት። ሠላሳ ሁለት ገጽ በአንዲት አምፖል አራት ማታ ፈጀብን። አንዳንዱ ዓረፍተ ነገር ከመናኸሪያው ሰልፍ ይረዝማል፤ መጨረሻው ላይ ስንደርስ መጀመሪያውን ረስተን ስንመለስ አመሸን። በአራተኛው ማታ ፀጉር አስተካካዩ በተራው ሲያነብ አንቀጽ አሥራ ሰባት ላይ ደረሰ፤ “ለበጎ አድራጎት ተሸጠው ገቢያቸው ለታለመለት ዓላማ እንዲውል በአደራ የገቡ ዕቃዎች በንብረትነት አይመዘገቡም፤ አደራ ሰጪዎቹ በጠየቁ ጊዜ ይመለሳሉ” ይላል። ተሳስቶ እንዳይሆን ሦስት ጊዜ አስነበብነው። መምህራችን መነጽራቸውን አወለቁና ጠረጉ።

በማግስቱ ወረቀቱን ይዤ እህቴ ሱቅ ሄድኩ። ላነብላት ጉሮሮዬን ስጠራርግ “አንተ ዝም በል፣ ወዲህ አምጣው” አለችና፣ ጣቷን ከቃሉ ሥር ከቃሉ ሥር እያደረገች፣ ከንፈሯ እየተንቀሳቀሰ፣ እኔ ቆሜ እየጠበቅኳት ራሷ አነበበችው። ከጨረሰች በኋላ እንደገና ከላይ ጀመረችው። ከዚያ ቀና ብላ “ስለዚህ አላነበቡትም ማለት ነው” አለችኝ፣ “ፈርመውበታል እንጂ አላነበቡትም።” እስክሪብቶ ስጠኝ አለች።

ስለዚህ ክቡር ሆይ፣ በታላቅ አክብሮት የምናሳውቅዎ እንጂ የምንለምንዎ ነገር የለም። ሐሙስ ከጠዋቱ ሦስት ሰዓት ላይ በጋሪ መጥተን ዕቃዎቻችንን እንረከባለን፤ የርክክቡን ወረቀት ራሳችን ጽፈነዋል፤ ከሥሩ ሠላሳ አንድ ፊርማ አለ፣ አንድም የጣት አሻራ የለም። ቅዳሜ ከቀኑ ዘጠኝ ሰዓት ላይ ደግሞ በመናኸሪያው ባዶ ሜዳ ጨረታው ይደረጋል፤ ማስታወቂያው የተጻፈው በትልልቁ ነው፣ ከሳጥንም ውጪ ነው፣ ዕቃው ሁሉ ምን እንደሆነ፣ ማን እንደሠራውና ለምን እንደሚሸጥ ይናገራል። ጠሪው እኔ ነኝ፤ በገቢውም ወሩ ሳያልቅ መስኮቱንና መብራቱን እናስጠግናለን። ኬኩ አዲስ ይጋገራል። የኮቱን ቀለም ላስለቅቀው ወይ ብላት እህቴ “ተወው፣ የሚገዛው ሰው ከምን እንደተረፈ ይወቅ” ብላለች፤ ቅዳሜም ከኮቱ አጠገብ ራሷ ትቆማለች። እርስዎም ከሥራ ሰዓት ውጪ ነውና ሊገኙልን ይችላሉ። ፊት ለፊት ቦታ እንይዝልዎታለን፤ ኮቱን በእጅዎ ይዘው፣ እሷን እያዩ፣ ከአገልግሎት ውጪ ነው ብለው በቃልዎ ከደገሙት፣ ያኔ እኔ አፌን ይዤ እቀመጣለሁ፤ ይህም በሃያ ሁለት ዓመት የመጀመሪያው ይሆናል።

የክቡርነትዎን ረጅም ዕድሜ፣ አጭር ስብሰባና ከፊርማ በፊት ጥቂት የንባብ ፋታ ከልብ የምመኝልዎ፣ የማታ ተማሪዎቹ በአንድ ድምፅ የወከሉኝ፣ ድምፁም የእኔ የሆነው፣

በመናኸሪያው “ጥሩምባው” እየተባልኩ የምጠራው መንገደኛ ጠሪ

ማሳሰቢያ፦ የወሩ መጨረሻ ማታም ክፍል አለን። ሠራተኞችዎ ፋይሎቹን ጭነው ቢመጡ ሠላሳ አንዳችንንም ተቀምጠን ያገኙናል፤ አንነሣም። ፋይሎቹን ግን አይመልሷቸው፤ እዚያው ጠረጴዛችን ላይ አስቀምጠዋቸው ይሂዱ፤ መመሪያውን ጨርሰን የሚነበብ ነገር አጥተናል።