የልጆቹ ገብስ

ጋዝጊብላ፣ የካቲት ፱ ቀን ፲፱፻፷፭ ዓ.ም.

ለልጄ ለወለተ ሐና፤

«በአካባቢው የእህል እጥረት አለመኖሩን ተቆጣጣሪው በዓይናቸው አይተው ስላረጋገጡ፣ ዳይሬክተሩም መደበኛውን ትምህርት ወደ ጎን ትተው ሕፃናትን በማብላት፣ በማጠብና በማጫወት ጊዜ የሚያባክኑ ሆነው ስለ ተገኙ፣ የትምህርት ቤቱ ምድጃ ከመጋቢት አንድ ቀን ጀምሮ እንዲዘጋ፣ በጎተራ ያለውም እህል ታሽጎ ለሽያጭ እንዲቀርብ ታዟል።»

ይህን የጻፍሽው አንቺ ነሽ። ከሥሩ ያለው ፊርማ ያንቺ ነው። የ«ሐ»ን መካከለኛ እግር ከሁለቱ አስረዝመሽ የምትጥይበትን እጅ አውቀዋለሁ፤ ይዤ ያስጻፍሁት እኔ ነኝ። ደብዳቤውን ቃል በቃል የገለበጥሁልሽ፣ በመሥሪያ ቤት ብዙ ወረቀት ስለሚያልፍብሽ «የትኛውን ነው የሚለው?» እንዳትዪ ነው።

በዚያው ፖስታ ውስጥ ብጣሽ ወረቀት አገኘሁ። «አባባ፣ ይበቃዎታል። ቤቴ ሰፊ ነው፤ ይምጡና ይረፉ። እዚያ ምን ቀረዎት?» ይላል። ሁለቱን ጎን ለጎን አስቀምጬ ብዙ አየኋቸው። የመጀመሪያው አናደደኝ፤ ሁለተኛው ግን የባሰ አናደደኝ። ምን እንደ ቀረኝ ስለ ጠየቅሽ እነግርሻለሁ። እስከ መጨረሻው አንብቢው፤ እንደ መሥሪያ ቤት ሰው ከላይና ከታች ብቻ አይተሽ አትለፊው።

እዚህ ዳይሬክተር ሆኜ ስመጣ የተረከብሁት አንድ ቆርቆሮ ቤት፣ አንድ ደወልና አንድ አለንጋ ነበር። አንደኛ ክፍል የሚገባው ልጅ በእናቱ ጉያ ኽምጣኛ ብቻ ሲሰማ ያደገ ነው። በአማርኛ «ተቀመጥ» ሲሉት ይነሣል፤ ከእኔ በፊት የነበረው አስተማሪ እንቢተኛ ነው እያለ ይገርፈው ነበር። ልጁ ግን የሚነሣው የታዘዘውን ለመፈጸም ጨንቆት ነው። ስለዚህ ከሁሉ አስቀድሜ እኔ ቋንቋቸውን ተማርሁ። በሸበተ ራሴ ሕፃናት እየሳቁብኝ ቃል መድገም ምን እንደሆነ አየሁ። ዩኒቨርሲቲ በጎልማሳነቴ ገብቼ ስለ ማስተማር ብዙ አንብቤአለሁ፤ እንደዚያ ሳቅ ያስተማረኝ ግን የለም።

ከዚያ አለንጋውን አቃጠልሁት። ልጆቹን በረድፍ ማስቀመጥ ትቼ በክብ አስቀመጥኋቸው። ጧት ጧት እያንዳንዱ ከትናንት ወዲህ ያየውን አንድ ነገር ይናገራል፤ የተናገረውን ሰሌዳ ላይ እንጽፈዋለን፤ ፊደልም አማርኛም የሚለምዱት ከራሳቸው ነገር ነው። «ማጠብ» ያላችሁት፣ ዝንብ የወረሰው ዓይን መጽሐፍ ስለማያይ ወደ ምንጩ ወርደው ፊታቸውን ታጥበው እንዲገቡ ማድረጌን ነው። «ማጫወት» ያላችሁት ገበጣ ነው፤ መደመርና ማካፈልን በገበጣ ጠጠር ነው የማስተምረው፣ የተጠራጠረ መጥቶ ይፈትናቸው። ወለተ ሐና፣ ልጅ ተቆራርጦ አይመጣም። ራሱን ወደ ትምህርት ቤት ልኮ ሆዱን፣ ዓይኑንና ፍርሃቱን ቤቱ አያስቀምጥም። ሁሉን ይዞ ይገባል፤ ሁሉን መቀበል ደግሞ የአስተማሪ ሥራ ነው።

አሁን ስለ እህሉ። ከምንጩ በታች ያለውን የትምህርት ቤቱን መሬት ልጆቹ ራሳቸው ቦይ ቀድደው፣ ለክተው፣ ገብስና ባቄላ ዘሩበት። አምና ክረምት ዝናቡ ገና ሐምሌ ሳይወጣ ሲቋረጥ የአባቶቻቸው ማሳ ቆሞ ደረቀ፤ ምንጩ ስላልነጠፈ የልጆቹ መደብ አፈራ። ያጨዱት እነሱ ናቸው፤ የወቁት እነሱ ናቸው። ወይዘሮ አልጣሽ የምትባል አንዲት መበለት በቀትር ንፍሮ ትቀቅልላቸዋለች፤ አብረው ይበላሉ። እንግዲህ «ታሽጎ ለሽያጭ ይቅረብ» ያልሽው የማንም ንብረት አይደለም፤ የልጆቹ ገብስ ነው።

ጧት ጧት በክቡ ላይ የምንጽፈው ነገር ግን እየተለወጠ መጣ። አምና «ላማችን ወለደች»፣ «ወንድሜ ከዛፍ ወደቀ» ነበር። ኅዳር ላይ አንዱ «ንቦቹ ቀፎውን ጥለው ሄዱ» አለ፤ ጻፍነው፤ ዐረፍተ ነገሩ ጥሩ ስለ ነበር አመሰገንሁት። ታኅሣሥ ላይ «አባቴ የቤታችንን ሣር ከጣሪያ ነቅሎ ለበሬው ሰጠው» አለች አንዲቱ። ጥር ሲገባ «በሬው የለም» አለች። አሁን የሚናገሩት እያነሰ ሄዷል። አንዳንዱ ተራው ሲደርስ ዝም ብሎ ያየኛል፤ እኔም ወደሚቀጥለው አልፋለሁ። ከሰሃላ በኩል የሚመጡ ሰዎች በትምህርት ቤቱ በታች ባለው መንገድ ዕቃቸውን ተሸክመው ያልፋሉ። አይዘፍኑም፣ አይጣሉም፣ ውሃ እንኳ አይለምኑም። ውሻ አይጮኽባቸውም። ውሾቹ የት እንደ ገቡ አልጠይቅም።

በጥር ወር አጋማሽ ተቆጣጣሪያችሁ አቶ ገብረ ኢየሱስ በበቅሎ መጣ። የተቀበለው ጓንጉል ነው። ጓንጉል የአጥቢያው ሽማግሌ ነው፤ ልጁ ይታየሽ ሁለተኛ ክፍል ትማራለች። በደጁ የቀረችውን አንዲት ፍየል አረደለት። ሴቶቹ ከየጓዳቸው እንጀራ አዋጡ፤ የካቻምና ማርም ከየት እንደ ሆነ ተገኘ። ገበታው ሞላ። እኔ ነገሩ ስለ ገባኝ አንገቴን ደፍቼ ተቀመጥሁ።

«ዘንድሮስ እህሉ እንዴት ነው?» አለ ገብረ ኢየሱስ እየጠቀለለ።

«ተመስገን ነው ጌታዬ» አለ ጓንጉል። «አምላክ አይንሣን እንጂ ጠግበን ነው የምናድረው።»

«ጓንጉል! እውነቱን ንገራቸው እንጂ!» አልሁ።

«እውነቱማ ገበታው ላይ አለ፣ መምህር። ይብሉ ጌታዬ፤ እቺን ብቻ፣ በሞቴ!» ብሎ አጎረሰው።

ገብረ ኢየሱስ አኝኮ እስኪውጥ ጠብቄ፣ «የገበታውን ተዉትና ጣሪያቸውን ይመልከቱ፤ ሣሩ ተነቅሎ ለከብት ተሰጥቷል» አልሁት። ወጥቶ አየ። ጓንጉል ከኋላው ሆኖ፣ «ለክረምቱ ልናድሰው ነው ጌታዬ፤ አሮጌ ሣር ምን ያደርጋል?» አለ። ተቆጣጣሪው ሳቀ። «አቶ ምንዋጋው፣ ሕዝቡ ጠግቤአለሁ ይላል፣ እርስዎ ርቦታል ይላሉ። ማንን ልመን?»

ክፍል ገብቶም ይታየሽን አስነሣት። «ቁርስ በልተሻል?» አላት። «በልቻለሁ፤ እግዚአብሔር ይመስገን» አለች በጥሩ አማርኛ፣ እጇን ወደ ኋላ አድርጋ። ከእሷ ቀጥሎ የተነሡት ሁሉ እንደሷ አሉ። ያዩትን እንዲናገሩ ስንት ዘመን ያስተማርኋቸው ልጆች!

እሱ ሲሄድ ጓንጉልን መንገድ ላይ ይዤ ጮኽሁበት። «ምን ነካህ? ሰውየው እኮ የመጣው ሊያይ ነው!»

«እና እንግዳ ፊት ገበናዬን ልዘርዝር? ደጄ የገባ ሰው ሲበላ ርቦኛል ብለው፣ ጉርሻውን ከአፉ ነጠቅሁት ማለት አይደለም?»

«ከወር በኋላ ጾም ይገባል፤ እስከዚያስ ምን ልትበላ ነው?»

«ዘንድሮስ ሁዳዴ ቀድሞን ገብቷል» ብሎ ሳቀ። «አይቆጡ መምህር። የአዋቂ ሰው ዓይን የሞላ ገበታ አይቶ ጓዳው ባዶ መሆኑን ያውቃል። እኔማ ያውቃል መስሎኝ ነው።»

በማግስቱ በክቡ ላይ ይታየሽን ለምን እንደ ዋሸች ጠየቅኋት። ትንሽ አስባ፣ «ጋሼ፣ ሥጋው ገና ከጉሮሮው አልወረደም ነበር። ርቦናል ብንለው ያንቀው ነበር» አለችኝ። ሌሎቹ ሳቁ። እኔም ያለችውን ሰሌዳው ላይ ጻፍሁት።

ስሕተቱ ይህ ነው። ገብረ ኢየሱስ የሌላ አገር ሰው ነው፤ ያየውን ጻፈ፤ እሱን ይቅር ልለው እችላለሁ። አንቺ ግን በእናትሽ የዚህ የዋግ አገር ልጅ ነሽ። አያትሽ ቤት ነው ያደግሽው። እንግዳ ሲመጣ የመጨረሻው ዱቄት እንደሚጋገር፣ እንግዳው ሲሄድ ልጆች ውሃ ጠጥተው እንደሚተኙ በራስሽ ሆድ ታውቂዋለሽ። ሪፖርቱ «ፍየል ታርዶ በክብር ተቀበሉኝ» ሳይል አልቀረም፤ እዚያ ላይ ስትደርሺ ምን አልሽ? በጥር ወር፣ ዝናብ በተቋረጠበት ዓመት፣ አንድ ድሃ ገበሬ ለባለሥልጣን ፍየል ካረደ ምን ማለት እንደ ሆነ በዚያ መሥሪያ ቤት ውስጥ ማንበብ የሚችል ሰው አንቺ ብቻ ነበርሽ። ጓንጉል «የአዋቂ ዓይን» ያለው ያንቺን ዓይን ነው። አንቺም አንብበሽ ፈረምሽ።

ከዚያ ወዲህ የሆነውን ስሚ። ባለፈው ሰኞ ጓንጉል ሚስቱንና ትንንሾቹን ይዞ ወደ ቆረም፣ ወደ መኪናው መንገድ ሄደ። ይታየሽን ግን እጇን ይዞ ወደ እኔ አመጣት። ፊቱን ወደ ሸለቆው አዙሮ ነው የተናገረው። «እዚህ ምድጃ አለ፤ እኔ ጋ የለም። ዝናቡ ሲገባ መጥቼ እወስዳታለሁ።» ሌሎች አባቶችም እንደዚሁ አደረጉ። ልጆቻቸውን በትምህርት ቤቱ በር አድርሰው፣ ለልጆቹ ሳይሆን ለቆርቆሮው ቤት እጅ ነሥተው ይሄዳሉ። አሁን ሁለተኛ ክፍል መኝታ ቤት ሆኗል። ይህም «ከተፈቀደው ውጭ» ስለሆነ ለተቆጣጣሪሽ ማስታወሻ እንዲሆን ጻፍሁልሽ።

ይታየሽ አታለቅስም። እየመጣች በምድጃው አጠገብ ትቆማለች፤ እሳቱ መንደዱን አይታ ትመለሳለች። እንዲህ ስታደርግ ቀኑን ሙሉ ትውላለች። ትእዛዛችሁን ለማንም ልጅ አልነገርሁም። ለአልጣሽ ብቻ ነገርኋት፤ ማማሰያዋን ይዛ ቆመችና፣ «ይህን የጻፈው ሰው እናት አለችው?» አለች። የጻፈችው ልጄ ናት ማለት አቃተኝ። አባቷ እኔ ነኝ ማለትም አቃተኝ።

ስለ እኔ እንዳታስቢ። አልጣሽ ወሬ ስለምትወድ፣ ሰው በዚያ በኩል ሲያልፍ ካገኘሽ ነገር ትሰሚ ይሆናል። «እንጨት ላይ የተሰቀለ ኮት መሰሉ፤ እርስዎም ከንፍሮው ይቅመሱ እንጂ!» እያለች በልጆቹ ፊት ትቆጣኛለች። ኮቱ ድሮም ሰፊ ነበር። የቀበቶዬን ቀዳዳ በምስማር የጨመርሁት ቆዳው ስለ ረዘመ ነው። በሽምግልና ሰው ብዙ መብላት አይወድም። ጽሕፈቴም ከዚህ ወዲያ እየተበላሸ ቢያስቸግርሽ ብዕሩ አርጅቶ ነው፤ እያረፍሁ ስለምጽፍ ቀለሙ የተለያየ ይመስላል።

አንቺ ዘንድ አልመጣም። ሰፊው ቤትሽ ይባረክልሽ። አንድ ቀን ልጆች ሲኖሩሽ ሙሉ ሆነው ይደጉልሽ፤ አንዱ እስኪበላ ሌላው ተራ አይጠብቅ። ሰው የሚያከብረው እጅ ይስጥሽ። የእናትሽ አምላክ ከክፉ ወረቀት ይጠብቅሽ፤ ከሚደርስሽም፣ ከምትጽፊውም። ይህን የምመርቅሽ ቁጣዬ በርዶ አይደለም፤ ልጄ ስለሆንሽ ነው።

አሁን የምፈልገውን ልንገርሽ። ይህን ደብዳቤ የትምህርት ቤቱ ዘበኛ ምትኩ በእግሩ ቆረም ያደርሰዋል፤ ከዚያ በመኪና ይመጣልሻል። ትእዛዙን ከሻርሽ አንድ መስመር ይበቃል። ካልሻርሽ ግን መልስሽን ለእኔ አትጻፊው። ለልጆቹ ጻፊላቸው። መጋቢት አንድ ቀን ጧት አሻጊዎቹ ሲመጡ ልጆቹ በክቡ ላይ ተቀምጠው ይጠይቁኛል፤ እኔም አልዋሻቸውም፣ በራሴ ቃልም አልነግራቸውም። ያንቺን እያነበብሁ ወደ ኽምጣኛ እመልስላቸዋለሁ። ስለዚህ «ስለ ተገኙ» እና «ታዟል» የሚል ቃል አይግባበት። የሰባት ዓመት ልጅ በሚገባው አማርኛ፣ ያመረተው ገብስ ለምን እንደሚሸጥና ከነገ ጀምሮ ምን እንደሚበላ፣ ግልጽ አድርገሽ፣ ሙሉ ስምሽን ጽፈሽ ላኪ። ከየካቲት ሠላሳ ቀን በፊት፣ በጽሑፍ፣ በእጄ ይግባ።

አባትሽ
ምንዋጋው ገብረ አምላክ