የረር እና የሊባኖስ ጫፍ

ማክሰኞ፣ ጥቅምት 4። ጠዋት።
ሰባ ስድስት ሞላኝ። ውሃ እቀዳለሁ። ሸሚዜን አጥባለሁ። ክሩን ሰው ያስገባልኝ እንጂ ቁልፌን ራሴ እተክላለሁ። ሚስቴ ካረፈች ወዲህ ሽሮ አላሳረርኩም። አንዴ ብቻ።
ብርቄ ከቤሩት ደወለች፣ ትንሿ ልጄ። እሑድ ዕረፍቷ ነው፤ ከጓደኞቿ ጋር የሊባኖስን ትልቁን ተራራ ልትወጣ ነው። ቁርነት ምናምን ይሉታል። እኔ ሊባኖስን የማውቀው ዳዊት ስደግም ነው። ሰማይ የሚነካ ይመስለኛል። ኮራሁ። ፈራሁም።

ረቡዕ፣ ጥቅ. 5።
ሳሪስ አቦ አንግሼ ስመለስ ባለሱቁን ሙዲንን ስልክህ ላይ ፈልግልኝ አልኩት። የሊባኖሱ ጫፍ ሦስት ሺህ ሰማንያ ስምንት ሜትር። የረርስ? ሦስት ሺህ አንድ መቶ! ይኸው ከደጄ ሆኜ የማየው የረር! ደብተሬ፣ መንገድ ላይ ብቻዬን ሳቅኩ።
እሑድ እኔም የረርን እወጣለሁ አልኩት ሙዲንን።
«አባባ፣ እርስዎ ታክሲ ሲሳፈሩ ሁለት ሰው አይደል እንዴ የሚደግፍዎት?»
ሐሰት። አንድ ነው።

ዓርብ፣ 7። ከሰዓት።
ትልቋ ልጄ ፀሐይ ከገላን ኮንዶሚኒየም ድረስ መጣች። ሙዲን ነግሯት! ጉልበትህ፣ ልብህ፣ ዕድሜህ። ጫማዬን በፌስታል ጠቅልላ ይዛ ሄደች። እኔን፣ አባቷን! ተናደድኩ። ሙዲን ዘንድ ሄጄ ጮህኩበት። አፍሮ የራሱን የጎማ ቦቲ አዋሰኝ። ይሰፋኛል። ሁለት ካልሲ።

እሑድ፣ 9። 6 ሰ. ገደማ። የረር ጫፍ።
ደረስኩ! እ/ር ይመስገን። መንገድ ላይ ስንቴ እንደተቀመጥኩ አልጽፍም። ከተራራው ሥር አንዲት ገበሬ ሴት አሬራ አጠጣችኝ፣ የራሷን ምርኩዝ ሰጠችኝ።
ብርቄ በቪዲዮ ደወለች። እሷም ጫፉ ላይ ናት። ነፋስ። ድንጋይ ብቻ። ዳዊት ላይ ያለው ዝግባ የታለ ብላት ከታች ቀርቷል አለች። አንተስ የት ነህ አለችኝ። ስልኩን አዞርኩላት፤ አቃቂ፣ ቆርቆሮው ሁሉ እያብረቀረቀ።
«አባዬ! አንተ ሰውዬ!»
ዝቅ ብለሽ ነው ያለሽው ልጄ፣ አልኳት። ሳቀች፣ አለቀሰች፣ ደግሞ ሳቀች። እኔም። ነፋሱ ነው ያስለቀሰኝ።

ሰኞ፣ 10።
እግሬ እንጨት ሆኗል። ደስታዬ ግን አልበረደም። ዕዳ አለብኝ፣ ማንም አይከፍልልኝ፣ ራሴ ነኝ የምከፍለው። ለሴትዮዋ ምርኩዟን መመለስ፣ አንድ ኪሎ ስኳር ጨምሮ። ለሙዲን ቦቲውን አጥቦ መስጠት። ፀሐይ ዘንድ ሄጄ በአፌ መናገር፣ ሙዲን ሳይቀድመኝ። አራተኛ ፎቅ ናት። ከየረር ወዲያ ፎቅ ምን አባቱ! ግን ነገ። ለብርቄ ደግሞ ያስለቀሰኝ ነፋሱ እንዳልነበር መንገር።