የአባዬ መኪና ሰዓት

ቅዳሜ፣ ጥቅምት 15 ቀን 2018 ዓ.ም.፣ ሰሚት

የአባዬ መኪና ዛሬ ጭራሽ አልነሳም አለች። እሱ መንዳት ካቆመ ወዲህ በየቅዳሜው አስነስቼ በቆመችበት አሥር ደቂቃ አስጩኼ አጠፋታለሁ። መንከባከቤ ነበር እኮ! ሜካኒኩ ጋሽ ታደሰ ሳቀብኝ።

«ቆማ ብትጮህ ባትሪዋን ትጨርሳለች እንጂ አትሞላም። ቤንዚኑም ሲቆይ ይበላሻል። በሳምንት አንዴ እስከ ጉርድ ሾላ ንጃት፤ ሞተሯ በደንብ ይሙቅ» አለኝ።

አዲስ ባትሪ ሲገባላት ሰዓቷ ጠፍታ ዜሮ ላይ ቆመች። ስልኬን አይቼ በእኛ አቆጣጠር አራት ከሃያ ብዬ ሞላኋት። ከዚያ አባዬን ደግፌ ከጎኔ አስቀመጥኩትና ወጣን። ድሮ እኔና ወንድሜ በዚህችው መኪና ከኋላ ተቀምጠን፣ መስኮት ክፈት ዝጋ እየተባባልን ስንጣላ፣ አባዬ ጉርድ ሾላ ትምህርት ቤት ያደርሰን ነበር። አሁን መርሳት ጀምሯል፤ ብዙም አያወራም። ጉርድ ሾላ ልንደርስ ስንል ግን የመኪናዋን ሰዓት ከእጅ ሰዓቱ ጋር አስተያየና ተቆጣ።

«አሥር ደቂቃ ወደ ኋላ ቀርታለች! ልጆቹ ሊያረፍዱ ነው!»

ለካ ረስቼዋለሁ። እንዳናረፍድ ብሎ ሁልጊዜ አሥር ደቂቃ ያስቀድማት ነበር። እኛም እያወቅን፣ ሰዓቷን ባየን ቁጥር እንደነግጥ ነበር። ከሚያረፍዱት ልጆች አንዷ እኔ ነኝ፤ አርባ ልደፍን ነው።

ዳር ይዤ ቆምኩና አሥር ደቂቃ አስቀደምኳት። አባዬ አየት አደረጋትና ወደ ወንበሩ ደገፍ አለ።

«በይ ንጂ» አለኝ፤ «አሁን እንደርሳለን።»