ዓሣም ይተኛል

ውድ አባዬ፣

ለዓይንህ ቀዶ ጥገና እህቴ ቤት ከሄድክ ሁለት ወር ሊሞላ ነው። ይህን የምታነብልህም እሷው ናት። እህትዓለም፣ አደራሽን፣ የሚያስቆጣውን መስመር እንዳትዘዪው።

በስልክ «የዓሣ ጫጩቶቹ እንዴት ናቸው?» ባልከኝ ቁጥር «ደህና ናቸው» ያልኩህ ግማሹ ውሸት ነበር። የዓሣ ማሳደጊያውን ቁልፍ ሰጥተኸኝ በሄድክ በሳምንቱ መብራት ሰቀልኩ። ብርሃን ሲረዝምላቸው መኖውን አይተው ይበላሉ፣ ቶሎም ያድጋሉ ብዬ ስጨቀጭቅህ፣ «ዓሣ የዓይን ቆብ የለውም ብለሽ እንቅልፍም የለውም እንዳትዪ!» ብለህ አፌን ያስያዝከኝን አልረሳሁትም።

አንዱን ገንዳ አንተ እንደተውከው ፀሐይ በመስኮት በምትሰጠው ብርሃን ብቻ ተውኩት። ሁለተኛውን በቀን አሥራ ስምንት ሰዓት አበራሁለት። ሦስተኛውን ግን፣ እልህ ይዞኝ፣ ጭራሽ አላጠፋሁበትም።

በሁለት ሳምንት የሦስተኛው ገንዳ ጫጩቶች በእድገት ሁሉንም በለጡ። ለባለቤቴ ስንቴ እንዳወራሁለት! ወዲያው ግን እርስ በርስ ጭራ መነካከስ ጀመሩ፤ ጥላዬ ሲያርፍባቸው ደንብረው ከገንዳው ግድግዳ ይላተማሉ። አንድ ጠዋት ስልሳ ሦስቱ ሞተው ተንሳፈው አገኘሁ። በመረብ እያወጣሁ አለቀስኩ።

ባለቤቴ በሩ ላይ ቆሞ፣ «አባትሽ ቢያዩ ምን ይሉሽ ነበር?» አለኝ።

«‹አጥፊው› ነዋ!» አልኩት። ሄጄም መብራቱን አጠፋሁት።

ለተረፉት ከዚያ ቀን ጀምሮ ስድስት ስድስት ሰዓት ጨለማ ሰጠኋቸው፤ በአራተኛው ቀን ረግተው መብላት ጀመሩ። ትናንት ከመጀመሪያዎቹ ሁለት ገንዳዎች ሃምሳ ሃምሳ ጫጩት መዘንኩ። በመስኮት ብርሃን ብቻ ያደጉት በአማካይ ስምንት ግራም፣ አሥራ ስምንት ሰዓት የበራላቸው አሥራ አንድ። አላመንኩም፤ ሚዛኑን ወልውዬ ደገምኩት። ያው ነው።

እንግዲህ አባዬ፣ በብርሃኑ እኔ ልክ ነበርኩ፣ በጨለማው አንተ። ይህን ፊት ለፊት ብንባባል ኖሮ እስከ ዛሬም ባልተግባባን፤ የማን ልጅ ነኝ? እነዚያን ስልሳ ሦስት ግን ይቅር በለኝ። ብሰማህ ኖሮ አይሞቱም ነበር።

ቅዳሜ ጫጩቶቹን ወደ ትልቁ ኩሬ እናሻግራለን። የመጀመሪያውን ባልዲ ስታዘነብል ሁሌም «በሉ እደጉ» የምትላቸው አንተ ነህ። እኔ ልላቸው ሞከርኩ፣ አፌ ላይ አልመጣልኝ አለ። አርብ መናኸሪያው በር ላይ ቆሜ እጠብቅሃለሁ። ከፈለግህ እስከ ቤት ድረስ ተቆጣኝ፤ ብቻ ና።

ታናሿ ልጅህ