ኤሲ የሌላቸው ምስክሮች

ሰመራ፣ ግንቦት ፲፬ ቀን

ልጄ ማርታ የኤሲ ጥገና ሥራዋን የምታስተዋውቅበት ድረ ገጽ በጎግል ሲፈለግ ከሁሉም በታች ነበር የሚወጣው። ባለሙያ ብታማክር የደንበኞች ምስክርነት ከፍ እንደሚያደርገው ነገራት። ስለዚህ ባለፈው ወር በሚካኤል ጽዋ ማኅበራችን ላይ ተነሥቼ፣ «ለልጄ አምስት አምስት ኮከብ ስጡልኝ» አልሁ። ቃሌን አክብረው ሁሉም ጻፉ። እኔም ጻፍሁ።

ዛሬ ጠዋት ማርታ ሁለተኛ ደረጃ መድረሷን በደስታ አበሠረችኝ። ከሰዓት በኋላ ግን የወሎው ባለ ካፌ ሰይድ፣ በእርግጥ ኤሲ የጠገነችለት ሰው፣ ስልኩን ይዞ እየሳቀ መጣ።

«የኔታ፣ ወላሂ ሳቄ አልቆም አለኝ! የማኅበራችሁ ዲያቆን ‹ቤቴን አቀዘቀዘችልኝ› ብሎ ጽፏል። በዚህ ሙቀት አልጋውን አውጥቶ ደጅ አይደል እንዴ የሚያድረው?»

አብሬው ልስቅ ሞከርሁ፤ አልቻልሁም። በሐሰት አትመስክር የሚለውን ትእዛዝ ለዚያ ዲያቆን ያስተማርሁት እኔ ነኝ።

ማርታን ጠርቼ ምስክርነቶቹን እናስጠፋ ብላት ዐይኗ እንባ አቀረረ።

«አባዬ፣ ተመልሼ ታች ከወረድኩ ማን ያገኘኛል? ስልኬ መጮህ የጀመረው ገና በዚህ ሳምንት ነው እኮ።»



የራሴን ምስክርነት አጥፍቻለሁ። የቀሩትን የጻፉት እነርሱ ቢሆኑም ያጻፍኋቸው እኔ ነኝ። የጻፉትን እንዲያጠፉ ልለምን ቤት ለቤት እዞራለሁ፤ ነገ ከዲያቆኑ ቤት እጀምራለሁ፤ በምን ቃል እንደምጀምር ግን እስካሁን አላገኘሁም።