ጭቃ የለበሰው ዘር

ውድ እህቴ ቴነንግ፣

ከባርነት አምልጠሽ ከጠፋሽ ስድስት ዓመት ሞላ። ይህን የምጽፈው አባታችን ባስተማረን ፊደል ነው፤ ፈረንሳዊው ጌታዬ ዴልቦስ ቢያገኘው እንኳ ማንበብ አይችልም። ረግረጉ ውስጥ ከባልሽ ጋር በሕይወት እንዳለሽ ሰምቻለሁ። ደስ ብሎኛል ልልሽ ነበር፤ የምነግርሽን ስትሰሚ ግን ደስታዬን አትፈልጊውም።

ያን የረሃብ ዓመት ታስታውሻለሽ። ወንዶቻችን አፈር ቆልለው በሠሩት ግድብ ፈረንሳዮቹ ከወንዙ ሙላት ተርፈዋል፤ የሚበሉት ግን አልነበራቸውም። በዚህ በሉዊዚያና ሙቀት ስንዴያቸው ገለባ ሆኖ ቀረ። ዴልቦስ ከአገራችን ከጋምቢያ የመጣ የሩዝ ዘር አገኘና ወንዶቹን ሰብስቦ፣ “ሩዝ የሚያውቅ ማነው?” አለ። በአገራችን ሩዝ የሴት ሥራ መሆኑን ማን ይንገረው? ወንዶቹም አናውቅም ማለት አፈሩ። ያንቺው ላሚን ደረቱን ነፍቶ፣ “ለኛ ተዉት” አለ። ደረቁን ዘር እንደ ማሽላ በተኑት። ግማሹን ወፍ ለቀመው፣ የቀረው ውሃው ላይ ተንሳፍፎ ሄደ።

እኔና አንቺ ዳር ቆመን ሳቃችንን አፍነን ነበር።

“ባልሽን እዪው እስቲ፣ ዶሮ የሚቀልብ ነው የሚመስለው።”

“አፍሽን ያዢ ሶና። ሲርባቸው መርከባቸውን ተሳፍረው ይሄዱልናል።”

ከዚያ ዘር አባከንክ ብለው ላሚንን ገረፉት። ደግመው ሊገርፉት ሲያወጡት አላስቻለኝም። በጆንያ የቀረውን ዘር ወፍ እንዳይለቅመው፣ ውሃም እንዳያንሳፍፈው በጭቃ ለውሼ፣ አድርቄ፣ በተረከዜ እየረገጥኩ ቀበርኩት። አንቺ አጠገቤ አልደረስሽም።

“ባልሽን አዳንኩልሽ እኮ” አልኩሽ።

“እሱን አዳንሽ። ነገ ደግሞ የቀሩትን ዘመዶቻችንን ያስመጡብሻል።”

ጨካኝ መስለሽኝ ነበር።

ሩዙ በቀለ፣ ከተማው ጠገበ። እናንተ በመከሩ ማግስት ጠፋችሁ። በዴልቦስ ገበታ ላይ ሩዙን ሳቀርብ አንዱ እንግዳ፣ “ይህን አገር ከረሃብ ያወጣው የዴልቦስ ብልሃት ነው” አለ። እሱም አንገቱን ዝቅ አድርጎ ምስጋናውን ተቀበለ። ሳህኑን አናቱ ላይ ብደፋው ደስ ባለኝ። እጄ ግን አልታዘዘኝም፤ ጨልፌ ሰጠሁት።

ከዚያ መርከበኞቹን፣ “ከሶና አገር ሩዝ የሚያውቁ ሴቶች አምጡልኝ፣ ልጆችም ቢሆኑ” ብሎ አዘዘ። ባለፈው ወር መርከቡ ሴቶቹን ይዞ ገባ። ቋንቋቸውን ስለማውቅ ስማቸውን እንድጠይቅ ተጠራሁ። አንዷ የመንደራችንን ስም ነገረችኝ። የእናትሽስ ስም ስላት ያንቺን ጠራች።

ማርያማ ናት፣ ቴነንግ። “እሷ እንኳ ተርፋለች” እያልሽ የምትጽናኚባት፣ አገር ቤት የቀረችው ልጅሽ። እኔ ባልዘራ ኖሮ አትመጣም ነበር። ላሚን ደግሞ ይሞት ነበር። የትኛውን ትመርጪ እንደነበር አላውቅም፤ እንድትነግሪኝም አልፈልግም።

ለሷም ያደረግኩትን አንድ ሳላስቀር ነገርኳት። አልሰደበችኝም። “እናቴ የት ናት?” ብቻ አለችኝ።

ዘር መለወስ እንዳስተምራት ዴልቦስ ለኔ ሰጥቷታል። ስትጠፋ የሚጠይቀው እኔን ነው፤ ይጠይቀኝ። ይቅር በዪኝ አልልሽም።

አሁን ወረቀቱን አስቀምጪና ያቀበለችሽን ልጅ ቀና ብለሽ እያት። አንቺን ሲወስዱሽ አራት ዓመቷ ነበር፤ መልክሽን አታስታውሰውም፤ ቀድመሽ ስሟን ጥሪያት።

እህትሽ ሶና