ታንከር ያልኳቸው ሣጥኖች

ውድ ጋሼ፣

እንደምን ከረምክ? ሦስት ዓመት ተኳርፈን ቆይተን ዛሬ ብዕር ያነሳሁት ደስታው ቁጭ ብድግ ቢያሰኘኝ ነው። የዕለት ማስታወሻዬ ላይ ከብረት ክብደት ሌላ የማልጽፈው ሰውዬ ዛሬ ስላንተ ሁለት ገጽ ሞልቻለሁ።

ባለፈው ሳምንት ከባሕር ኃይል ጨረታ አንዲት አሮጌ የጦር ጀልባ ገዝቼ ወደ ተከራየሁት የብረት ማፍረሻ ግቢ አስጎተትኩ። ግራና ቀኟ ላይ አራት ትልልቅ የብረት ሣጥኖች ተቀምጠዋል። እኔ ብልጡ ነጋዴ የውሃ ታንከር ናቸው ብዬ ለአንድ አትክልተኛ ልሸጥለት ቃል ገባሁ። ብረት ቆራጩ ሽማግሌ ሳቀብኝ።

"የኔ ጌታ፣ ከዚህ ውሃ የጠጣ የለም። የሮኬት ቤት ነው" አለኝ።

ጋሼ፣ ልጄ የተመረቀች ቀን ለእንግዶቹ ያወራኸው ሁሉ ትዝ አለኝ። በሸራ መርከብ ዘመን ረጅም ዱላ የታሰረበት ሮኬት ከጀልባ ላይ ይተኮስ እንደነበር፣ ነፋስ ሲመታውም ወዳሻው ይሄድ እንደነበር፤ በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ወታደር ማውረጃ ጀልባዎች ሮኬት በረድፍ ደርድረው የባሕር ዳርቻ ይደበድቡ እንደነበር፤ በኋላም ዒላማውን ራሱ የሚፈልግ ሮኬት መጥቶ ትንሽ ጀልባ ትልቅ መርከብ ማስጠሟን። እንዲህ ያለች ጀልባ ላይ አገልግያለሁ ስትል ግን አላስጨረስኩህም።

"ጋሼ፣ ባሕሩ ጥልቅ ነው፤ ማን ጠልቆ ያጣራብሃል?" አልኩህ።

እንግዳው ሁሉ ሳቀ። ኮትህን አንስተህ ወጣህ። እኛም "ሮኬት" የሚል ቅጽል ስም አወጣንልህ።

ዛሬ ጠዋት፣ ብረት ከመቁረጣችን በፊት እንደምናደርገው የሣጥኖቹን ቀለም ስናስፍቅ፣ ከግራጫው ሥር ቀይ ጽሑፍ ብቅ አለ። "ከኋላ የቆመ ይቃጠላል" ይላል፤ ሮኬቱ ሲተኮስ ወደ ኋላ የሚተፋውን እሳት ነው። የማን እጅ እንደሆነ ነጋሪ አላስፈለገኝም። የሱቄን ታፔላ የጻፍክልኝ አንተ አይደለህ? ወደ ግራ የሚያጋድለው ፊደልህ፣ መስመሩን የምትጨርስበት ጅራት፣ ሁሉም እዚያ አለ። ጮኬ ኖሮ ሠራተኞቹ ብረት እጄን የቆረጠኝ መስሏቸው ሮጠው መጡ።

አትክልተኛውን ይቅርታ ጠይቄ ሌላ ታንከር አፈላልጌለታለሁ። ቆራጩንም ሌላ ሥራ ላይ አሰማርቼዋለሁ። ግቢው የኪራይ ስለሆነ ግን ጀልባዋን ከሐሙስ አላሳልፋትም። የዚያን ቀን የሳቁብህን ዘመዶች ለሐሙስ ጠዋት ጠርቻቸዋለሁ። ና፣ እዚያው ጽሑፍህ አጠገብ ቆመህ ካቋረጥኩህ ቦታ ቀጥልልን። ሣጥኖቹ ይቆረጡ ወይስ ይቀመጡ የሚለውም ያንተ ፍርድ ነው።

ቂሙ ከብዶህ ብትቀር አልፈርድብህም። እኔው ጀልባዋ ላይ ወጥቼ፣ ሳያውቅ የቀባጠረው እኔ ነበርኩ እላቸዋለሁ።

በሰው ፊት ያዋረደህ
ታናሽ ወንድምህ